ለአንድ እግር ስል

አባቴ ከደጋ ነጭ ማር ሲያስመጣ ለባምላክ እግር መስሎኝ ነበር። ነርስ ነኝና ማር የተሰበረ አጥንት እንደማይገጥም አውቃለሁ። ቢሆንም አባቴ ለባዕድ ልጅ ይህን ያህል መጨነቁ ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ነገር ማጣራት አልወድም። ይህ ጠባዬ የት እንዳደረሰኝ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ባምላክ የማራቶን ሯጭ ነው። እናቱ ጣርማ በር ላይ ለመንገደኛ ቆሎ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ክለብ ታቅፎ ሳለ የተረከዙ ጅማት ታመመና 1998ን ሙሉውን ቁጭ ብሎ አሳለፈው። በመስከረም 1999 ተሻለው። የየካቲቱ ማራቶን ቆላ ላይ ስለሚሮጥ ሙቀቱን ልልመደው ብሎ ሸዋ ሮቢት ወረደና ከእኛ ግቢ ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራየ።

አባቴ ዘውዴ በቀወት ወረዳ የታወቀ የሽንኩርትና የማሾ ገበሬ ነው። ከሮቢ ወንዝ የጠለፈው መስኖ በጋም አይደርቅበትም። ለእኔ ያሰበው ባል ቢያንስ መሐንዲስ ነበር። ባምላክ ጠዋት ጠዋት በቁምጣ ከግቢ ሲወጣ እያየ፣ «ሰው በጭንቅላቱ ይበላል፣ አለዚያ በክንዱ ይበላል። በእግሩ ጭሮ የሚበላ ዶሮ ነው» ይል ነበር። እኔም እስቅ ነበር። የሳቅኩት እስከ ኅዳር ድረስ ነው።

ኅዳር ላይ ባምላክ ቅልጥሜን ያመኛል ብሎ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣ። አጥንቱን ጫን ሳደርገው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ እንጂ ድምፅ አላሰማም። እንደዚያ ዝም የሚል ሰው ምን ያህል እንደሚያመው ስለማውቅ ደነገጥኩ። ደብረ ብርሃን ወጥቶ ራጅ ሲነሣ አጥንቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ተገኘበት። ስምንት ሳምንት እንዳይሮጥ ታዘዘ።

እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ወደ ወንዝ ወሰድኩት። አባቴ ውሃውን የሚጠልፍበት ቦታ ከወገብ በላይ ይደርሳል። እዚያ ገብቶ ውሃው ክብደቱን ተሸክሞለት ከወራጁ ጋር እየታገለ እንዲሮጥ ነገርኩት።

«ዓሣ ነኝ እንዴ?» አለኝ የመጀመሪያ ቀን።

«ዓሣ ብትሆንማ ቅልጥም አይኖርህም ነበር። ግባ።»

አርባ ደቂቃ በሰዓቴ ቆጠርኩለት። ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሴቶች ከማሳው ቀና ብለው፣ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እያሉ ሳቁበት። አንገቱን ደፋ። እኔም ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «ይሳቁ። የሚወቀጠው ውሃው ነው፣ የሚጠነክረው ያንተ ልብ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ የበሽተኛ አልነበረም፤ እኔም ዐይኔን ቶሎ አልመለስኩም።

የልምምድ ደብተር ነበረው። በደህናው ጊዜ የሮጠውን ኪሎ ሜትር በየቀኑ ይጽፍበታል፤ ከታመመ ወዲህ ግን በየገጹ «ዛሬ፦ ምንም» የሚል ብቻ ነው ያለው። ወሰድኩበትና በቀይ እስክሪብቶ፣ «ምንም የሚባል ልምምድ የለም። የቻልከውን ጻፍ» ብዬ መለስኩለት። በማግስቱ፣ «ዛሬ፦ አርባ ደቂቃ ውሃ። ዛሬ፦ ሳልናደድ ዋልኩ» ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ደግሞ፣ «ዛሬ፦ ስትስቂ አየሁ። ይህም ልምምድ ነው?»

«ነው» ብዬ ጻፍኩ። «ግን ከታዘዘው በላይ አይወሰድም።»

እንዲህ እያልን ደብተሩ ደብዳቤያችን ሆነ። አንድ ግቢ እያደርን በወረቀት ነው የተፋቀርነው፤ አባቴ ካለበት ግቢ ውስጥ በአፍ የሚወራ ፍቅር የለም።

አንድ ቀን ከደብተሩ ጀርባ በኩል ለብቻው የጻፋቸውን ገጾች ሳገላብጥ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ባምላክ ለእያንዳንዱ ሕመሙ አንድ ጥፋት ይፈልግለታል። «ተረከዜ እናቴን ሳልሰናበት ስለሄድኩ ነው» ይላል አንዱ። «ቅልጥሜ የሚካኤል ዕለት ስለሮጥኩ ነው» ይላል ሌላው።

«አጥንት የበዓል ቀን አይቆጥርም» አልኩት ተቆጥቼ።

«አንቺ አጥንቱን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚያናግረኝን ግን አታውቂውም።»

«ማን ነው የሚያናግርህ?»

«እኔው ነኛ። እዚያ ስደርስ እግሬ አይደለም የሚያቆመኝ። ጥፋቴን መቁጠር ስጀምር ነው የምቆመው።»

ይህን ያለኝ እንደ ቀልድ ነበር። እኔ ግን እንደ ምርመራ ውጤት መዝግቤ ያዝኩት።

በገና ሰሞን ከክለቡ ደብዳቤ መጣለት። በየካቲቱ ማራቶን ካልተሰለፈ ስሙ ከዝርዝር እንደሚወጣ ይናገራል። ለማንም አላሳየም። ከስምንቱ ሳምንት ስድስቱ ብቻ አልቆ ሳለ፣ እኔ ሥራ ላይ በዋልኩበት ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በአስፋልቱ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ሮጠ። ራሱን ሊፈትን ነው። ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ባጃጅ ተሸክሞት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ወጥቼ ሳየው ቅልጥሙ ተጣሟል።

«ትንሽ ነበር የቀረኝ» አለኝ።

ቅልጥሙን በጣውላ ደግፌ ማሰር ጀመርኩ። አፌን ብከፍት እዚያው በሽተኞች ፊት አለቅስ ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ ጀሶ ታሰረለት። ሐኪሙ ሁለት ወር ጀሶ፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ወር ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ነገረን። አጥንቱ ተጣሞ ከገጠመ ወይም አንዴ ተንሸራቶ ከወደቀበት ሩጫ የሚባለውን ይርሳው አለ። ክለቡም ስሙን ሰረዘ።

ሰርቪስ ቤቷ ቆርቆሮ ናት፤ ቀን ቀን እንደ ምድጃ ትግላለች። ባምላክ እዚያ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ሳስገባለት እንዳለ ይመለሳል፤ ደብተሩን ከአልጋው ሥር ወርውሮታል። በአራተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«የተሰበረው እግርህ ነው። ጭንቅላትህን ማን ጀሶ ውስጥ ከተተው?» አልኩት።

«ተይኝ ለምለም። ሰው ሁለቴ ወድቆ ይነሣል። ከዚያ በላይ ልመና ነው። ነገ ወደ እናቴ ቤት እሄዳለሁ።»

የእናቱን ቤት አይቼዋለሁ። ጣርማ በር ገደል አፋፍ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። ብርዱ ሌላ፣ ቁልቁለቱ ሌላ፤ በምርኩዝ ደጅ እንኳ አይወጣባትም። እናቱ ሰውነቷ የደከመ፣ ውላ የምትገባው መንገድ ላይ ነው። እዚያ ከሄደ እግሩ እንዳለቀለት እንደ ስሜ አውቃለሁ።

«መለመን ካሳፈረህ እኔ እለምንልሃለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አባቴን መስኖው ዳር አገኘሁት። «አባባ፣ ባምላክ ትልቁ ቤት ይግባ። ወተት ያስፈልገዋል፣ የሚያነሣ የሚያስቀምጠው ሰው ያስፈልገዋል።»

ቦይ ማስተካከሉን ሳያቋርጥ፣ «ያላገባች ልጅ ካለችበት ቤት ጎረምሳ ላስገባ? በምን ስም?» አለኝ።

«ስሙን አንተ ፈልግለት። ብቻ ወደ ጣርማ በር አይመለስ።»

አካፋውን አቁሞ ረጅም ጊዜ አየኝ። የሚያየው ነርሷን መስሎኝ ነበር።

«መላ አለው» አለ።

ጉልበቱን ስሜ ሄድኩ።

በሳምንቱ እሁድ ከሥራ ስመለስ ትልቁ ቤት ውስጥ ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ባምላክ በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጀሶ የታሰረ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቷል። ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ ፍቅሩ አለ። አባቴ ፊት ያ ማር በሣህን ተቀምጧል።

ፍቅሩን ሳይ የማሩ ነገር ገባኝ። ፍቅሩ የአባቴ የጡት ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ አባቱ ሲሞት አባቴ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት አጠባው፤ ከዚያ ወዲህ የሥጋ ልጁ ማለት ነው። እኔም ወንድሜ ብዬ አደግሁ። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን፣ «ሳድግ ፍቅሩን ነው የማገባው» ብዬ ብቀልድ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በጥፊ ነው አፌን የዘጋችው። የጡት ወንድም ወንድም ነው። ከእሱ ጋር መጋባት ቀርቶ ቀልዱም ነውር ነው።

አባቴ ተነሣ። «ሸንጎ ይስማኝ» አለ። «ይህ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው። ቤቴ ቤቱ፣ ዘመዴ ዘመዱ ነው። ብከዳው እግዜር ይክዳኝ።»

ከዚያ አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረ።

ባምላክ ፊቱ በርቷል። ከወር በላይ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እሱ የአስፋልት ዳር ልጅ ነው፤ የጡት ልጅ ሲባል ስሙን ሰምቶ ይሆናል እንጂ ሕጉን አያውቅም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ቆሎ ሻጭ ልጅ መሆኑ ቀርቶ የዘውዴ ቤት ሰው ከሆነ እኔን ለመጠየቅ አፍ የሚኖረው መስሎታል። ወደ አባቴ ጣት ከመጎንበሱ በፊት ቀና ብሎ በሰዉ መካከል ፈለገኝ። ዐይኑ ጠየቀኝ። ደስ ብሎሻል? እሺ ልበል?

አንድ ቃል ብናገር ያበቃል። ግን ሽማግሌ ይነሣል፣ አባቴ በገዛ ቤቱ ይዋረዳል፣ ባምላክም ከሰዓት በኋላ ወደ ጣርማ በር በሚወጣው መኪና ይሄዳል። እግሩም እዚያው ይቀራል። ከጀሶው የወጡትን ጣቶቹን አየሁ። እኔ ያንን ሰው ወድጄዋለሁ፤ እየነደደኝ ነው የወደድኩት። ሯጭ ሆኖ ካልኖረ ደግሞ እሱ እሱ አይደለም።

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ማሩን ጠባ። ደጅ ያሉት ሴቶች እልል አሉ።

ገበታ ሲቀርብ አባቴ፣ «ለምለም፣ ወንድምሽን እጁን አስታጥቢው» አለኝ።

ማስታጠቢያውን ይዤ ፊቱ በርከክ አልኩ። ባምላክ እየሳቀ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ፊቴን አየው። ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ።

«ለምለም?» አለ በሹክሹክታ።

«እጅህን አቅርብ» አልኩት።

ያን ጊዜ ገባው። ውሃው ከማስታጠቢያው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ እጁን ከሥሩ አላነሣም። እኔም ማፍሰሴን አላቆምኩም።

በሦስተኛው ቀን ከደብተሩ የተቀደደ ወረቀት ላከልኝ። «ለምለም፣ አባትሽን አልወቅሳቸውም፤ ሞኝነቱ የራሴ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጠይቄሽ ነበር፤ አይተሽኛል። አውቀሽ ለምን ነቀነቅሽ?»

ከበታቹ በቀዩ እስክሪብቶ፣ «ለእግርህ ብዬ። መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ጥላኝ» ብዬ መለስኩለት።

ዳነም፣ ጠላኝም። ወይም እንደዚያ መሰለኝ። አባቴ ግን አስደነቀኝ። ባምላክን ጠዋት ጠዋት ራሱ ደግፎ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ሁዳዴ ሲገባ የነፍስ አባታችንን አስፈቅዶ ወተት ያስጠጣዋል። ልጄ ሲለው ከልቡ ነው። ልጠላው ፈልጌ አላስቻለኝም። አንድ ቀን ብቻውን ሳገኘው ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅሁት።

«አባባ፣ አውቀህ ነው?»

«የናንተንማ ነገር ወንዙ ዳር ካየሁት ቆየ» አለኝ። «ብሰጥሽ ይህ እግር ነገ ዳግም ቢሰበር ሁለታችሁም ትራባላችሁ። እምቢ ብል ይዘሽው ትጠፊያለሽ። ሁለታችሁንም እንዳላጣ የማውቀው መላ ይህ ብቻ ነው። ክፉ አባት ነኝ?»

ክፉ አይደለህም አላልኩትም። ነህም አላልኩትም።

መጋቢት ላይ ጀሶው ሲፈታ ባቱ ቀጥኖ የእኔን ክንድ አክሏል። አይቶት አለቀሰ። ያን ቀን አላባበልኩትም። ሐኪሙን ጠይቄ በሳምንቱ ወንዝ አወረድኩት። ሰዓት የምይዘው እኔው ነኝ፤ ግን አንነጋገርም። አንዳንድ ቀን በመሃል ቆሞ ውሃውን ያያል፤ እግሩ ያመዋል፣ ወይም ያመኛል ብሎ ይፈራል። ያን ጊዜ፣ «ሕመም ነው ፍርሃት?» እለዋለሁ። «ፍርሃት» ካለ ይቀጥላል፤ «ሕመም» ካለ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ወር አንዴም አልዋሸኝም። በጣም የኮራሁበት ይህን ነው፤ የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው፣ ጊዜው ሳይደርስ መቆም የሚችል ግን ጥቂት ነው።

ደብተሩ ላይ አሁን ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግን ከቁጥሩ ሥር፣ «ዛሬ፦ አልጠላሁሽም። በደንብ ሞክሬ ነበር» ይላል። እስክሪብቶዬን አነሣሁና መልሼ ከኪሴ ከተትኩት።

በግንቦት አሥር ኪሎ ሜትር ሳያመው ሮጠ። ክለቡም ለኅዳር ማራቶን ሊሞክረው ተስማማና ሰኔ መጨረሻ ላይ እንዲመጣ ጻፈለት። ሊሄድ ሆነ። አምስት ወር በአንድ ገበታ ስንበላ እኔ ወንድሜ አላልኩትም፣ እሱም እህቴ አላለኝም። ሰው «ወንድሜ በይው፣ እህቴ በላት» ብሎ ሲያርመን ሁለታችንም ሥራ እንዳለበት ሰው እንነሣ ነበር።

የሄደበት ቀን አባቴ በር ላይ መርቆት ቀረ። እኔ እስከ አስፋልቱ ሸኘሁት። ጠዋት ነው፤ አውቶብሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው ይጠራል። ባምላክ ሻንጣውን አስቀመጠና ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ሁለት ቲኬት ነው የቆረጥኩት» አለኝ።

ሁለቱን ቲኬቶች ዘርግቶ አሳየኝ።

«አዲስ አበባ ማን ያውቀናል? ማሩን የጠባሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱም የኔ ይሁን። እንዳለሽ ግቢ። ልብስ እንኳ አያስፈልግሽም።»

እውነቱን ልናገር፤ እግሬ ሁለት እርምጃ ሄዷል። እጄ የመኪናውን በር ሊይዝ ደርሷል። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ጠዋት የፈለግሁት ነገር የለም። ከዚያ የተናገረው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቆመ። ኃጢአቱ የኔ ይሁን አለ።

«ባምላክ፣ ኅዳር ላይ ሠላሳ አምስተኛው ጋ ስትደርስ እግርህን ቢያምህ በምን ታሳብበዋለህ?»

አየኝ። አፉን ከፈተና ዘጋው። ረዳቱ አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ።

«ባንቺ አላሳብብም» አለ በመጨረሻ።

«ቆየህ» አልኩት። «መልሱን ለመስጠት ቆየህ።»

«ለምለም፣ እባክሽ።»

ነገሩ የገባኝ እዚያው ነው። ሕመም ቢሆን እጠብቀው ነበር፣ ፍርሃት ቢሆን እገፋው ነበር። ይህ ግን ሁለቱም አልነበረም። አብሬው ብሄድ በየሩጫው የሚቆጥረው ጥፋት እኔ እሆናለሁ። ሦስተኛ ጊዜ እግሩ ሲሰነጠቅ ራጅ ሳይነሣ እኔን ያየኛል። እሱ አይለኝም፤ ግን ይቆማል።

«ወንድሜ» አልኩት።

ቃሉን በግድ ነው ያወጣሁት። ባምላክ አንድ ሰው የገፋው ይመስል ወደ ኋላ አለ።

«ወንድሜ፣ መኪናው ሊሄድብህ ነው። ጠዋት ሳትበላ እንዳትሮጥ። ውሃ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ጠጣ፤ ሳይጠማህ ጠጣ።»

ቲኬቶቹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሻንጣውን አነሣ። ደረጃው ላይ ሳለ ዞር ሳይል፣ «እሺ እህቴ» አለ። አውቶብሱ ወደ ደብረ ሲና ዳገት አቅጣጫ ተነሣ፤ እሱ የተቀመጠበት መስኮት ከእኔ ወገን አልነበረም።

ስመለስ መንገድ ላይ ጋሽ ተክሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አገኘኋቸው።

«ማንን ሸኝተሽ ነው በጠዋቱ?» አሉኝ።

«ወንድሜን» አልኳቸው።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው አለፉ።

ሁለተኛው «ወንድሜ» ከመጀመሪያው ቀለለኝ። አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ስለቀለለኝ ነው።